ለ14 ኖታ 40 ደቂቃ

ልጆች፣

ሰፈር ውስጥ «ጋሽ ቱባ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከኋላዬ ስትንሾካሾኩ የማልሰማ ይመስላችኋል። ዕድሜ ልኩን በጆሮው እንጀራ የበላ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይደነቁርም። መጀመሪያ ስሰማው ኮርቼ ነበር። «ቱባ ባህል» እንደሚባለው፣ ያልተበረዘ ሰው ለማለት መስሎኝ። ለካ ነገሩ በመስኮቴ በኩል የምታዩት ያ ትልቅ፣ የተጠማዘዘ፣ ወዙ ያለቀ የናስ መሣሪያ ነው። ይሁን።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ከመካከላችሁ አንዷ ናት። ባለፈው ሰሞን ፈረንጅ አራዳ ጀበና ቡና ይዘን ቁጭ ብለናል። ልጅቷ በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። ማስታወቂያ ሰሌዳ እያየች፣ ሲቪ እያስገባች፣ «እንደውልልሻለን» እየተባለች ሁለት ዓመት። ሲኒዋን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ሰው ስንት ዓመት ነው የሚጠብቀው?» አለችኝ።

«ትዕግሥት ይኑርሽ የኔ ልጅ» ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ትዕግሥት ይኑርሽ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ምሳውን የበላ ሰው ነው። የቅዱስ ያሬድን ትልም መጥቀስ አልፈለግኩም። ያቺን ወድቃ የምትነሳ ትል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስትሰሟት ኖራችኋል። እሷም ሳይደክማት አልቀረም።

ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ቤት ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቅ አለኝ። ምክንያቱም የኔ ሙያ መጠበቅ ነው። ቀልድ አይደለም። ኦርኬስትራ ውስጥ ደመወዝ እየተከፈላቸው ቁጭ ብለው ከሚጠብቁት ሰዎች ዋነኛው ቱባ ነፊው ነው። ስለዚህ ከዚያ ወንበር ላይ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

እኔ ጅማ ተወልጄ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ኳስ ስራገጥ አድጌ፣ በ16 ዓመቴ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የማርሽ ባንድ ገባሁ። የሙዚቃ ፍቅር አቃጥሎኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ምግብና ልብስ ስለሚሰጡ ነው። ቱባውንም የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ትራምፔቱን ቀድመው የደረሱት ወሰዱት። ክላሪኔቱን ጣታቸው የቀጠነው ወሰዱት። ቱባ የሚሰጠው ትከሻው ሰፋ ላለና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ለቆመ ልጅ ነው። ሁለቱንም ሆኜ ተገኘሁ።

የባንድ ሙዚቃ አገራችን ውስጥ ያደገበት መንገድ ራሱ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የሥጋ ዘመዳቸው ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቃውን አቀኑት።

ያ ቴአትር ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምትሉት ነው። ጣሊያን ሲኒማ ሊያደርገው ጀምሮት ሳይጨርሰው የሄደ ሕንፃ ነበር። ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተመረቀ። ከጅማ የመጣሁ ልጅ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ደጁ ላይ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ነው። ውስጡ ኦርኬስትራ እንዳለ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። እኛ ባንዶች ሥራችን ሌላ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ኤርፖርት፣ በዓል ሲሆን አደባባይ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት መቃብር። ቡም፣ ቡም፣ ቡም፣ ቡም። ማርሽ ላይ ቱባ ዕረፍት የለውም። እግር እስከተራመደ ድረስ ይነፋል። ስለዚህ መጠበቅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት ፕራግ ነው፤ ያኔ ቼኮስሎቫኪያ የምትባለው አገር ዋና ከተማ። በ1971 ዓ.ም የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሄድኩ። ብርዱን አልነግራችሁም፤ የጅማ ሰው ሐምሌን ብርድ ሲል እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

እዚያ ከተማ መሀል፣ ቭልታቫ በሚባል ወንዝ ዳር፣ ሩዶልፊኑም የሚሉት የሙዚቃ አዳራሽ አለ። የቼክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ቤት ነው። ስሙ የተወሰደው ከኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ከሩዶልፍ ነው። በኔ ጊዜ ግን «የአርቲስቶች ቤት» ነበር የሚባለው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ያሠራው ንጉሥ እንዳይመስላችሁ። የቁጠባ ባንክ ነው። አሁን በየከተማው ባንክ ፎቅ ሲሠራ ባየሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል። አንዱ እንኳ ምድር ቤቱን አዳራሽ ቢያደርገው ምን ነበረበት?

ኦርኬስትራው ደግሞ አመጣጡ እድር ነው። የምሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞች ማኅበር አቋቋሙ። ኮንሰርት እያሳዩ፣ ጡረታ የሚወጡትን፣ ባል የሞተባቸውን ሚስቶችና አባት የሌላቸውን ልጆች ሊረዱ። ድንኳንና ንፍሮ የለውም እንጂ ሌላው ሁሉ የኛው እድር ነው። የመጀመሪያውን ኮንሰርት በዚሁ አዳራሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1896 አቀረቡ። የመራቸው የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ ነው፤ የተጫወቱትም የራሱን ድርሰቶች። ከነዚያ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1893 ኒውዮርክ ሆኖ የጻፈው ዘጠነኛው ሲምፎኒ (ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ድርሰት) ነበር። «ከአዲሱ ዓለም» የሚባለው።

እሱን ሲምፎኒ ያዙልኝ። 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አራት ክፍል አለው። ቱባ የሚጫወተው ሁለተኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። በጠቅላላው 14 ኖታ። አዎ፣ አሥራ አራት። እነሱንም አጠገቡ የተቀመጠው ባስ ትሮምቦን አብሮት ይነፋቸዋል። የሲምባል መቺው ይብሳል፤ አራተኛው ክፍል ላይ አንዴ ይመታል፣ ለስለስ አድርጎ፣ በቃ።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን በርካሽ የተማሪ ቲኬት ነው የገባሁት። ካፖርት በር ላይ ይረከቡና ቁጥር ይሰጧችኋል። ከዚያ አዳራሹ። ዙሪያውን ምሰሶ፣ ከመድረኩ ጀርባ ትልቅ ኦርጋን። መሪው ቫስላቭ ኖይማን ነበሩ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ፣ እኔ የአገሬን ልጅ ያገኘሁ ይመስል ዓይኔን ቱባ ነፊው ላይ ተከልኩ።

አንደኛው ክፍል አሥር ደቂቃ ገደማ ሄደ። ሰውየው ቱባውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። አይቁነጠነጥም፣ አዳራሹን አይቃኝም። ክፍሉ አለቀ። ሰው ሲያፍነው የቆየውን ሳል ሁሉ ሳለ። መሪው እጃቸውን አነሱ። ሰውየው ቱባውን ወደ ከንፈሩ አመጣው። ከነትሮምቦኑ፣ ከነሆርኑ፣ ከነክላሪኔቱ አንድ ላይ፣ ነፉ ለማለት እንኳ በማይመች ልስላሴ ጥቂት ኮርዶች፣ ማለትም አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች፣ አሰሙ። ቱባ እንደዚያ ቀስ ብሎ መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። በነገራችን ላይ ቱባን ጮክ አድርጎ መንፋት ማንም ይችላል። ቀስ አድርጎ መንፋት ነው ከንፈር የሚያንቀጠቅጠው።

ከዚያ ኢንግሊሽ ሆርን የሚባለው መሣሪያ ዜማውን ጀመረ። ልቤ ቀጥ አለ። ዜማው ብዙው በአምስት ድምፅ ላይ ነው የሚመላለሰው። እነዚያ ድምፆች ደግሞ የኛ የትዝታ ቅኝት የሚቆምባቸው ድምፆች ናቸው። ድቮርዣክ ኢትዮጵያን አያውቅም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ሆኜ ጅማ ደርሼ መጣሁ።

ስመለስ ሰውየው ዝም ብሏል። ክፍሉ ሊያልቅ ሲል እንደገና ጥቂት ነፋ። ከዚያ ሁለት ሙሉ ክፍል፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ምንም። መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ሆነ፤ መሪው ኦርኬስትራውን አስነሱ። እሱም ከቫዮሊኖቹ እኩል ተነሳ።

በማግሥቱ አስተማሪዬን «ይሄ ሰውዬ ግን ምን ይሠራል? ባስ ትሮምቦኑ አይበቃም?» አልኳቸው። አስተማሪዬ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ፒያኖው ጋ ሄደው ያንን የመጀመሪያ ኮርድ ተጫወቱ። ከዚያ የታችኛዋን ድምፅ አሳስተው ደገሙት። ልዩነቱ ገባኝ። ግን እሳቸው አልጨረሱም። «የሚነፋበትን ጊዜ አየህ። አሁን የማይነፋበትን ሂድና እይ» አሉኝ።

የልምምድ ቀን ገብቼ ቁጭ አልኩ። ባዶ አዳራሽ የተለየ ነገር ነው። ድምፅ ቶሎ አይጠፋም፤ ግድግዳ ለግድግዳ ይመላለሳል። ማታ ሰው ሲሞላ ልብሱም ገላውም ድምፁን ይጠጣዋል። ይህን በቁጥር ያስቀመጠው ዋላስ ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። ሌሊት ሌሊት የወንበር ትራስ እያሸከመ ወደ ባዶ ክፍል እያስገባ ድምፅ በስንት ሰከንድ እንደሚጠፋ ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በሱ ስሌት ነው የተሠራው። ሩዶልፊኑም ሲሠራ ግን ይህ ዕውቀት አልነበረም። አናጺዎቹ በልምድ ገምተው፣ ገምተውም አገኙት።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከቅርብ ሳየው ለካ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የቀኝ እጁ ጣቶች ጭኑ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። እየቆጠረ ነው። ወረቀቱ ላይ ሙዚቀኛው የማይጫወትበት ቦታ ዕረፍት ይባላል። ከላዩ ቁጥር ይጻፍበታል። 48 ከተባለ 48 ባር ዝም ትላላችሁ። (ባር ስል የምትስቁ አላችሁ። መጠጥ ቤቱን አይደለም፤ የሙዚቃ መስፈሪያ ነው።) አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሁለት ሦስት አራት፤ *ሁለት* ሁለት ሦስት አራት፤ *ሦስት* ሁለት ሦስት አራት። የባሩ ቁጥር ፊት እየገባ ይሄዳል። አሥር ሲሞላ አንድ ጣት ይታጠፋል።

ሌላም ነበር። በየጥቂት ደቂቃው ቱባውን አንስቶ ድምፅ ሳያወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይሰድበታል። ናስ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። በብርድ የተተወ ቱባ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ውስጡ ያጠራቀመውን ውኃ ማንም ሳያይ ያንጠባጥባል። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አለው፦ እዚህ ጋ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ይጀምራል፣ እዚህ ጋ ከበሮ። ቁጥሩ ቢጠፋው እንኳ በሌላው ሰው ሥራ ራሱን ያገኛል። ዓይኑ ደግሞ መሪው እጅ ላይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ ፈጣን ይመስላል እንጂ ከኋላ ረድፍ ለተቀመጠ ሰው ይዘገያል። ቱባ ራሱም ከባድ ነው፣ ቶሎ አይናገርም። ስለዚህ የሰማውን ተከትሎ የሚነፋ ቱባ ሁሌ ኋላ ይቀራል። እጁን አይቶ ትንሽ ቀደም ማለት አለበት።

ያን ቀን የገባኝ ይሄ ነው። ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሊጠብቁ ይችላሉ፤ አንዱ እየቆጠረ፣ አንዱ ዝም ብሎ። ከሩቅ ስታዩዋቸው አንድ ናቸው።

ገባኝ አልኩ እንጂ ሳልማርበት ቀረሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ የተማሪዎች ኦርኬስትራ ያንኑ ሲምፎኒ ሊያቀርብ ሆነ፤ ቱባው እኔ። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ ድቮርዣክ አንድ ነገር አድርጓል። ዜማውን ጥቂት ቫዮሊኖች ይጀምሩትና ይቆማል። ፀጥታ። ደግሞ ይጀምሩታል፤ ይቆማል። ፀጥታ። ሰው እያለቀሰ ሲያወራ ሳግ እንደሚቆራርጠው ማለት ነው።

እኔ መቁጠር ትቼ ነበር። ዜማውን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፣ ምን ቁጥር ያስፈልገኛል ብዬ። ጅማ መንዙማ እየሰማ ያደገ ልጅ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። አውጪው አውጥቶ ሲጨርስ ተቀባዩ መቼ እንደሚገባ ማንም በወረቀት አይነግረውም። ልቡ ያውቀዋል። የኔ ልብም «አሁን ነው» አለኝ። ሁለተኛው ፀጥታ ላይ ነፋሁ።

ድቮርዣክ ሁሉም ሰው ዝም ይበል ያለበት ቦታ ላይ፣ ብቻዬን፣ በቱባ። አዳራሹ ውስጥ ላም እምቧ ያለች መሰለ። ከፊቴ የነበረች ቫዮሊን ተጫዋች ትከሻዋ ተርገፈገፈ። እያለቀሰች እንዳይመስላችሁ። መሪያችን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እሱ ነው ይበልጥ የጎዳኝ።

አስተማሪዬ አልተቆጡም። «የማያውቀው ሰው ይቆጥራል። የሚስተው አውቃለሁ ያለ ነው» አሉና እርሳስ አወጡ። ወረቀቴ ላይ፣ ከዚያች ፀጥታ በላይ፣ ትንሽ መነጽር ሣሉ። የኦርኬስትራ ሰዎች ልማድ ነው። «እዚህ ጋ ዓይንህን ክፈት» ማለት ነው። ያ ወረቀት እስካሁን አለኝ። መነጽሩ ደብዝዟል።

አሁን ስለ ድቮርዣክ ራሱ ትንሽ ልበል። ከናንተ አንዳንዶቹ የጅማን ልጅ ሙላቱ አስታጥቄን እየጠራችሁ «ጋሼ፣ እሳቸው እኮ በወጣትነታቸው ነው የራሳቸውን መንገድ ያወጡት» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም እኮራባቸዋለሁ። ግን ሁሉም ሰው በ20ዎቹ ዕድሜው አይጠራም። ድቮርዣክ የሥጋ ሻጭና የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያህል ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ይጫወት ነበር። ቪዮላ ማለት በዚያ ዘመን ከቱባ ብዙም የማይሻል ወንበር ነው። ማታ ማታ የሌላውን ሰው ኦፔራ ያጅባል፤ በትርፍ ጊዜው ይጽፋል። ከአገሩ ውጪ ዝናው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1878 የስላቭ ዳንሶቹ ሲታተሙ ነው። 37ኛ ዓመቱ ላይ ማለት ነው። ያኔ የሚያሳያቸው ብዙ ነገር ጽፎ አስቀምጧል።

አዳራሹም ቢሆን ጠብቋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ቼኮስሎቫኪያ አዲስ አገር ሆነችና ፓርላማ የሚሰበሰብበት ቤት ጠፋ። ሩዶልፊኑምን ወሰዱት። ለ20 ዓመት ገደማ እዚያ መድረክ ላይ ክርክር እንጂ ሙዚቃ አልነበረም። ኦርኬስትራው ግን አልፈረሰም። ሌላ አዳራሽ እየተጫወተ፣ ቫስላቭ ታሊኽ በሚባል መሪ ሥር ስሙን ገነባ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ቤቱን ሲመልሱለት ለቤቱ የሚመጥን ሆኖ ነው የገባው።

የኔስ? በ1976 ዓ.ም ተመረቅኩና መጣሁ። ካፖርቴን ለጓደኛ ሰጥቼ፣ ቱባዬን ይዤ። አንድ መሥሪያ ቤት መደበኝ። ባንድ አለው ተብሎ ነበር። ባንዱ ተበትኗል። እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡኝ፤ የተቆለፉ መሣሪያዎች ጠባቂ። አምስት ዓመት ያጠናሁት ቁልፍ ለመያዝ ሆነ። ማን ጋ እንደምጮኽ እንኳ አላውቅም ነበር። ባለሥልጣኑ ሁሉ ጨዋ ነው፤ ሁሉም «ትንሽ ታገሥ» ይላል።

አብሮኝ የተመደበ አንድ ትሮምቦን ተጫዋች ነበር። እሱ ሁለት ዓመት ጠበቀ። አንድ ቀን «እዚህ ቤት የኛ ወረቀት የለም። ያልተጻፈ ሙዚቃ ነው የምንጠብቀው» አለኝና መልቀቂያውን አስገባ። ኤንትሬ መንዳት ጀመረ። ከጅማ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቆርቆሮ ጭኖ ጅማ። ከኔ በፊት ቤት ሠራ። ተሳስቷል ብዬ አላውቅም። ዛሬም ሲያገኘኝ በፉጨት የትሮምቦኑን ክፍል ይጀምርልኛል፤ እኔ የቱባውን እጨምራለሁ፤ ሚስቱ ትታዘበናለች።

እኔ ግን ሌላ ነገር አደረግኩ። ዕረፍቱ ላይ ቁጥር አልነበረም። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩበት። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በእርሳስ «ሦስት ዓመት» ብዬ ጽፌ ቀኑን አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የለም። እስከዚያ ግን ቱባው እንዳይቀዘቅዝ። በየሳምንቱ ዓርብ መጋዘኑን ከፍቼ የመሣሪያዎቹን ቫልቭ ሁሉ ዘይት እቀባ ነበር። የቫልቭ ዘይት የት ይገኛል? የስፌት መኪና ዘይት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቼ አንድ ድምፅ እስከ ትንፋሼ መጨረሻ እይዛለሁ። ጎረቤት ቢሮ ያሉት ጸሐፊዎች «ያ ሰውዬ ዛሬም ጀመረው» ይሉ ነበር።

ሦስት ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ማታ ላይ ተጠራሁ። ነገ እንግዳ ይመጣል፣ ባንድ ያስፈልጋል፣ ከየትም ከየትም ሰው ሰብስቡ። መጋዘኑ ሲከፈት አንድም ቫልቭ አልተጣበቀም። ኤርፖርት ሄደን ሁለት መዝሙር ተጫወትን። አራት ደቂቃ። እንግዳው መኪና ውስጥ ገባ፤ እኛም ወደ ቤታችን። ፊልም ቢሆን እዚህ ጋ አለቃው መጥቶ ያቅፈኝ ነበር። ያገኘሁት የሰዓት ክፍያ ነው። ባንዱ ግን ከዚያ በኋላ አልተበተነም፤ እኔም ጡረታ የወጣሁት ከወንበሬ ነው። ሦስት ዓመት ለአራት ደቂቃ ፍትሕ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። አይደለም። ባይጠሩኝ ኖሮ ደግሞ ሁለት ወር ቆይቼ ኤንትሬ ላይ ነበርኩ። ሥራውንም ጠይቄ ነበር።

እና አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ መልሴ ይሄው ነው። ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ እኔ አልነግርሽም። ቁጥሩን አንቺ ጻፊው። ስድስት ወር ይሁን፣ አንድ ዓመት ይሁን፣ ግን ይጻፍ። ያልተጻፈ ዕረፍት ሰውን ይበላል። ጠዋት ተነስተሽ «ዛሬ ስንተኛው ባር ላይ ነኝ?» ስትይ መልስ ይኑርሽ።

ትንፋሹንም አትርሺ። ከተመረቅሽ ወዲህ አንድ ፕላን አንብበሽ ታውቂያለሽ? ቤታችሁ አጠገብ ፎቅ እየተሠራ ነው። ብረት የሚያስሩት ልጆች ከአንቺ በዕድሜ አይበልጡም። ሂጂና ጠይቂያቸው፤ ለምን እዚህ ጋ አጠጋጉት፣ እዚያ ጋ አራራቁት? ፎርማኑ ቢቆጣሽ ከመንገድ ማዶ ሆነሽ እዪ። አሮጌውን የቤታችሁን ፕላን በሜትር ለክተሽ ሣዪው። የሌላውን ሰው ሥራ መከተል ማለት ይሄ ነው። መግቢያሽ ሲደርስ ኦቦው ከየት እንደጀመረ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ይህን ስል ሰምቶ «ልምድ ታገኛላችሁ» እያለ ዓመት ሙሉ በነፃ የሚያሠራችሁ ሰው ይመጣል። መክፈል እየቻለ የማይከፍል ሰው እያስጠበቃችሁ አይደለም፤ እየነፋችሁ ነው፣ ያውም ለሱ። ያ እድር ያቋቋመው ኦርኬስትራ እኮ ተቀምጦ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1901 የፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞች ሥራ አቆሙ። ተባረሩ። መሣሪያቸውን ይዘው ወጡና የቼክ ፊልሃርሞኒክ ራሱን የቻለ ኦርኬስትራ ሆኖ ቆመ። 48 ባር ዝም ማለት የሚችሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ሲነሱ ግን አብረው ነው የተነሱት።

ብዙ ጻፍኩ። እጄም ደከመ። የተቀረውን በቃል እንጨርሰው። ቅዳሜ ከአስር ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። በረንዳው ላይ ሦስት የጅማ በርጩማና አንድ አግዳሚ አለ፤ የተረፈው ሳር ላይ ይቀመጣል። የልጄ ልጅ ሲምፎኒውን በስልኩ ያወርድልናል፤ መብራት ቢጠፋም ስልኩ አለ። ሁለተኛውን ክፍል ከፍተን ሁላችንም በጣታችን እንቆጥራለን፤ እኔ ሰዓቱ ሲደርስ ቱባውን እነፋለሁ። ሁለተኛው ፀጥታ ላይ ማን እንደሚስት እናያለን። ቡናው ከእትዬ ነው፤ ስኳር ግን አልቋል፣ ማምጣት የምትችሉ አምጡ። እርሳስም ያዙ።